ፖዘቲቭ ማሳ

በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ በመኪና መብራት ሥራ እኔን የሚያህል አልወጣም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እጄ ግን አልቆመም። ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ አንድ ጋራዥ በር ላይ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝና ገባ ብዬ፣ "ፖዘቲቭ ማሳ እንዳይሆን" አልኳቸው። አንዱ ባለዲፕሎማ ጎረምሳ፣ "ጋሼ፣ ማሳ ሁልጊዜ ኔጋቲቭ ነው፤ ፖዘቲቭ ማሳ የሚባል ነገር የለም" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እኔን ሽታው ጢሜ ማቀምቀም ወደጀመረበት ዘመን፣ ወደ ቡታጅራ ይዞኝ ሄዷል።

ሐጂ ሱልጣን የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ነበረቻቸው፤ ዝናብ ሲመታት እርጥብ ቆዳ የምትሸት፣ ዳገት ላይ የምታቃስት፣ የመስቃን አገር ሁሉ በጥሩምባዋ የሚያውቃት። አንድ የአዲስ አበባ መካኒክ "ሽቦዋ ተገልብጦ ነው የኖረው" ብሎ የባትሪዋን ሽቦዎች አቀያይሮ ሄደ። ሞተሩ ይነሳል፤ ሰውን ያሳሳተው ይኸው ነው። ዲናሞው ግን ባትሪ መሙላት ተወ፤ ጠቋሚው መርፌም ባትሪው እያለቀ እየሞላ ነው ብሎ ይዋሻል። ሐጂ ተስፋ ቆርጠው ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጧት ተነሱ።

ከመሸጧ በፊት ልያት ብዬ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። የባትሪ ፖዘቲቭ ጫፍ ከኔጋቲቩ ይወፍራል። ከመኪናዋ ገላ የመጣው ሽቦ መያዣው ሰፊ ነው፤ ያ ሰውዬ ግን ቆርቆሮ ጠቅጥቆ በቀጭኑ ጫፍ ላይ አጥብቆታል። በቃ፣ ገባኝ።

"ሐጂ፣ የዚች መኪና ማሳ ፖዘቲቭ ነው" አልኳቸው።

"የምን ማሳ? የኔ ማሳ ላይ ያለው እንሰት ነው!"

"የእርሻውን አይደለም፤ በጋራዥ ቋንቋ ማሳ ሽቦው የሚታሰርበት የመኪናዋ ገላ ነው።"

"ወላሂ፣ አንተ ልጅ፣ ብታቃጥላት በዚህ ከተማ ሁለተኛ መኪና አትነካም!"

የተሰበሰበው ሰው "የእንሰት መካኒክ!" እያለ አሽሟጠጠኝ።

ሽቦዎቹን ወደየቦታቸው መለስኩ። ከባትሪው ወደ ዲናሞው አንዲት ሽቦ ለቅጽበት ነካ አደረግሁ፤ ዲናሞ የጠፋበትን አቅጣጫ የሚያገኘው እንዲህ ነው። ሐጂ አስነሱ። መርፌው ቀና አለ፣ መብራቱ በቀን ደመቀ፣ ሽሙጡም ቀረ፤ ሐጂ ከገበያው እስከ መስጊዱ ጥሩምባ እየነፉ ሄዱ።

ዛሬ ሐጂም የሉም፣ እነዚያ መኪኖችም የሉም፤ የዲናሞን ድምፅ የሚለይ ጆሮም ከነሱ ጋር አልፏል። እኔ ግን አለሁ፣ የሠራሁትም አለ። ከቁርጥራጭ ብረት የመለስኳት መኪና ዓመታት በርበሬ ጫነች። ቡኢ መንገድ ላይ የቆመ አውቶቡስ በአንድ ሚስማር አስነስቻለሁ። የአገና ከተማን ሚኒባሶች መብራት ዘርግቻለሁ። ዲናሞን የተካው አልተርኔተር ሲመጣ ፈትቼ ገጥሜ ራሴን አስተማርኩ። ዛሬም መነጽሬን አድርጌ የፀጉር ያህል የቀጠነ ሽቦ እበይዳለሁ።