ሳንናገረው የቀረው መርፌ

ላስታ ውስጥ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ቀን የተቀበሉኝ አቶ በሪሁን የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ ድሬሰር ናቸው። መርፌ መቀቀያውን አሳዩኝ። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ የሚይዘው ኃላፊያችን ብቻ መሆኑንም ነገሩኝ።

በሦስተኛው ወር አቶ በሪሁን አንድ ገበሬ ፔኒሲሊን ወጉ። ሰውዬው ወዲያው ፊቱ አበጠ፤ ትንፋሽ አጥሮት ወደቀ። እንዲህ ሲሆን የሚያድነው አድሬናሊን ነው፤ እሱ ደግሞ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል። ኃላፊው ከገበሬ ማኅበር ስብሰባ ተጠርቶ እስኪመጣ ሰውዬው ሊያልፍ ምንም አልቀረውም ነበር። አድሬናሊኑ ተሰጥቶት ለጥቂት ተረፈ።

አቶ በሪሁን ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«እህት ዓለም፣ ይህ ነገር እዚሁ ይቅር። የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ከተነሣ አሻጥረኛ ይሉኛል። ልጆች አሉኝ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። መዝገቡ ላይ «ታክሞ ሄደ» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊውም ቁልፉ እሱ ጋ ስለነበረ ዝም አለ።

በዓመቱ አበራሽ የምትባል አዲስ ነርስ መጣች። ሥራ ያለማመድኳት እኔ ነኝ። የመድኃኒቱን ልክ፣ የሚወጋበትን ቦታ ሁሉ ነገርኳት። የገበሬውን ነገር ግን አላነሣሁም።

አንድ ቀን ስንዱ የምትባል እናት ሳንባ ምች ይዟት ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ከባሏ ጋር መጣች። አበራሽ ፔኒሲሊን ወጋቻት። ልክ እንደ ገበሬው አደረጋት። አበራሽ ሮጣ ቁም ሣጥኑን ብትጎትት ተቆልፏል፤ ኃላፊው ቁልፉን እንደያዘ ጋሸና ሄዷል። አቶ በሪሁን መዝጊያውን በመዶሻ ሰብረው ሲደርሱ ስንዱ አልፋለች።

«በእግሯ እኮ ነው የመጣችው» ይላል ባሏ፣ ደጋግሞ።

አበራሽ እያለቀሰች ወደ እኛ ዞረች። «ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል?»

«ያውቃል» አልኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ የገበሬውንም የስንዱንም ነገር ተናገርኩ፤ ያስቀደምኩት የራሴን ዝምታ ነው። ኃላፊው ፊቱ ጠቆረ። «ይህ የጤና ጣቢያውን ስም ለማጥፋት ነው» አለ። ያን ጊዜ አቶ በሪሁን ቀስ ብለው ተነሡ።

«እውነቷን ነው። የፊተኛውን የወጋሁት እኔ ነኝ።»

እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። እሳቸው ሌላ ወረዳ ተዛወሩ። አድሬናሊኑ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መርፌ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነርሶች አለማምጃለሁ። የተረዳሁት ይህን ነው፦ የሳትነውን ለባልደረባችን ካልነገርነው፣ ያንኑ ሌላ በሽተኛ ላይ ይማረዋል።