ጋሪው ሳሎን የሆነ ጊዜ

ቶሮንቶ ሜዳ ናት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ከኢስት ዮርክ ጫፍ ወደ ወንዙ በእግሩ ወርዶ፣ አሥር ኪሎ ሽንኩርት ተሸክሞ መልሶ ይውጣና ከዚያ በኋላ እናወራለን። እኛ የምንኖረው ታች ሸለቆው ውስጥ፣ ጎን ለጎን ከቆሙ ሦስት ያረጁ ሕንፃዎች በአንዱ ነበር። ሱቁ፣ ክሊኒኩ፣ የባስ ፌርማታው፣ ባጠቃላይ ከተማ የሚባለው ነገር ሁሉ ያለው ላይ ነው። በመሀል ቀጥ ያለ ዳገት አለ። ዳገቱ ላይ የእንጨት ደረጃ ሠርተውበታል፤ በበረዶ ጊዜ ግን ደረጃው ከመውጫነቱ ይልቅ መሰበሪያነቱ ያመዝናል።

ሕንፃዎቹን ያሠራው ሰው ይህን ሳያስብበት አልቀረም። ከጀርባችን ዳገቱን ይዞ የሚወጣ ሐዲድ ዘርግቶ፣ ሁለት ትንንሽ ፉርጎዎችን በአንድ ወፍራም ገመድ አያይዞልን ነበር። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ፈረንጆቹ ረጅም ስም ሰጥተውታል፤ የሕንፃው አበሻ በሙሉ ግን «ጋሪው» ነበር የሚለው። ጋሪው አርጅቷል። ሲነሳ ያቃስታል፣ መሀል ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ትንሽ ያስባል፣ በሩ በትከሻ ካልገፉት አይዘጋም። ይሁን እንጂ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ምንም ጠይቀነው አናውቅም።

እናቴን ስፖንሰር አድርጌ ሳመጣት ሰባ ዓመት አልፏት ነበር። ጉልበቷ ታማሚ ነው። የምታውቀው እንግሊዝኛ ሦስት ቃል ሲሆን አንዱ «ሶሪ» ነው። ያም ሆኖ በመጣች በሁለተኛው ወር ብቻዋን መውጣትና መግባት ጀመረች፣ በጋሪው። ማክሰኞና ዓርብ ላይ ሰፈር ከእኩዮቿ ጋር ትገናኛለች፤ እሁድ ባስ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ከመሳፈሯ በፊት ታማትባለች፤ ሲያደርሳት ደግሞ የፉርጎውን በር እንደ በቅሎ ጀርባ መታ መታ አድርጋ ታመሰግነዋለች። «እዚህ አገር የወደድኩት ነገር ቢኖር ይሄን ነው፤ ማንንም ሳላስቸግር ያደርሰኛል» ትል ነበር። ማንንም ማለት እኔን ማለት ነው። እኔ ቅዳሜና እሁድ መሀል ከተማ፣ የሀብታሞች ኮንዶ ሎቢ ውስጥ ለሰው በር እከፍታለሁ። አዲስ አበባ እያለሁ የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እዚህ ከሕንፃው የደረሰኝ በሩ ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ ቁልፍ ያለውን ስልክ ጥሎ መስተዋቱን በጣቱ ማሻሸት የጀመረበት ሰሞን፣ ጋሪው ውስጥ አንድ የሚያምር ወረቀት ተለጠፈ። «ይህን ያረጀ መጓጓዣ አብረን እንደ አዲስ እናልመው» ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። ያረጀ ነገር ሲጠገን አውቃለሁ፣ ሲጣልም አውቃለሁ፤ ሲታለም ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የሕንፃዎቹ ባለቤት የሆነው ኩባንያ አማካሪዎች ቀጥሯል፤ አማካሪዎቹ ደግሞ የእኛን ሐሳብ ሊሰሙ ይመጣሉ። ሳንድዊች አለ ይላል። አስተርጓሚ ለሚሆን ነዋሪ ምስጋና ይቀርባል ይላል። በማግስቱ ኮል አድርጌ ስሜን አስመዘገብኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ስሜን ያስመዘገብኩት ለእናቴ ብዬ አልነበረም። የመጡት አርክቴክቶች ናቸው፤ እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ አርክቴክት ፊት የምቀርብበት ቀን ስጠብቅ ኖሬአለሁ። የስብሰባው ዕለት የሠርጌን ኮት አድርጌ፣ ሲቪዬን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። እናቴንም አስጠነቀቅኳት።

«እማዬ፣ ማጉረምረም የለም። በሩ አይዘጋም፣ ወንበሩ ይቀዘቅዛል ምናምን አትበዪ። ሰዎቹ እንዳይታዘቡን።»

«ምን በወጣኝ!» አለች። «ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ ላጉረምርም?»

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። የአማካሪዎቹ አለቃ ብርቱካናማ መነጽርና ክረምት ከበጋ የማይወልቅ የሚመስል የአንገት ልብስ ያደረገ ሰውዬ ነው። እጆቹን ዘርግቶ «እዚህ ቤት ውስጥ ባለሙያዎቹ እናንተ ናችሁ!» ብሎ ጀመረ። ተረጎምኩ። ከእኛ በላይ ሦስተኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ የፊዚክስ አስተማሪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ባለሙያዎቹ እኛ ከሆንን እሱ ምን ሊሠራ መጣ?» አሉኝ። ይሄኛውን አልተረጎምኩም።

ከዚያ ለእያንዳንዳችን ሦስት ሦስት አረንጓዴ ስቲከር ታደለን። ግድግዳው ላይ ሦስት ሰሌዳ አለ፤ የወደድነው ሰሌዳ ላይ እንድንለጥፍ ነው። አንደኛው ሰሌዳ ጋሪውን መጠገን የሚል ነው። ይህን ከኮት መስቀያው ጀርባ ያቆሙት ሲሆን፣ ላዩ ላይ ያለው የአንድ ዝገት የበላው ሞተር ፎቶ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሐዲዱን ነቅሎ የአትክልት ቦታ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ፉርጎዎቹን ባሉበት አቁሞ «የሕዝብ ሳሎን» ማድረግ ነው። ሰው ሞቅ ባለ ትራስ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነባል፣ አበባ ያያል፣ ይተዋወቃል። እኛ ፉርጎው ውስጥ ሳንተዋወቅ የቀረንበት ቀን ባይኖርም፣ እሱ እየሄዱ ስለሆነ አይቆጠርም መሰለኝ።

እናቴ ስቲከሮቿን በመዳፏ ይዛ ወደ እኔ መጣች። እኔ አለቅየውን አግኝቼ፣ አዲስ አበባ ስለነደፍኳቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች እያስረዳሁት ነበር።

«ለጋሪው የቱ ጋ ነው የሚለጠፈው?»

«ያ ጥጉ ጋ ያለው ነው። ግን እማዬ፣ ጋሪው መቼም መጠገኑ አይቀርም። ካናዳ እኮ ነው፤ ማን የሽማግሌ ሊፍት ያቆማል? ይሄ ለተጨማሪው ነገር ነው። ደስ ያለሽ ላይ ለጥፊ።»

ይህን ማንም አልነገረኝም። ከራሴ አፍልቄ ነው ያልኳት፣ ቶሎ ሄዳ ወሬዬን እንድቀጥል።

እሷ ግን ቶሎ አልሄደችም። ሦስተኛው ሰሌዳ አጠገብ አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻዋን ቆማለች። ፊት ለፊቷ ጠረጴዛ ላይ የዳገታችን የእንጨት ሞዴል አለ፤ ክብሪት የሚያህሉ ሁለት ፉርጎዎች፣ ጥፍር የማያህሉ ወንበሮች። ሰው ሁሉ ሳንድዊቹ ጋ ስለነበር ሰሌዳዋ ላይ አንድም ስቲከር የለም። ልጅቷ ለመሳቅ ትሞክራለች፣ ዓይኗ ግን ሊያለቅስ ደርሷል።

«ያቺ ልጅ ናት የሠራችው?» አለች እናቴ።

«አዎ።»

«በእጇ?»

«በእጇ።»

«እና አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ አላያትም? ኧረ ነውር ነው!»

ሄዳ ሦስቱንም ስቲከር ለጠፈችላት። በዚህም አልበቃትም። ወደ እኩዮቿ ዞራ፣ «ኑ እንጂ! የሰው ልጅ ለፍታ ለፍታ አፍራ ትሂድ እንዴ?» አለች። ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልረሳውም። ምርኩዝ የያዙት፣ ወገባቸውን የደገፉት፣ ያለ ጋሪው አንድ ቀን መዋል የማይችሉት አዛውንቶች በሙሉ፣ ሙሽራ ሊስሙ እንደተሰለፉ ሰርገኞች እየተራመዱ ስቲከራቸውን ሰሌዳዋ ላይ ለጠፉ። አስተማሪው ብቻ እኔ ጋ ቆም አሉ።

«ጋሪው መጠገኑ እርግጠኛ ነው?»

«አይጠራጠሩ፣ ጋሼ» አልኳቸው፣ ዓይኔን ሳላሽ። እሳቸውም ለጠፉ።

ልጅቷ አለቀሰች። እናቴ ጉንጮቿን አገላብጣ እየሳመች «እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። አለቅየው ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ፤ ሥራሽ ድንቅ ነው አለቻት አልኩት። በስልኩ ሰሌዳውን ፎቶ አነሳ። ሲቪዬንም ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ በታላቅ አክብሮት ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እስከ ዛሬ እዚያው ያለ ይመስለኛል።

ደብዳቤው በሁለት ወሩ መጣ። ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ለእናቴ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ነዋሪዎቹ በአንድ ድምፅ ሊባል በሚችል ሁኔታ የሕዝብ ሳሎኑን መርጠዋል ይላል። ፉርጎዎቹ «ከመንቀሳቀስ ግዴታቸው ነፃ ይወጣሉ» ይላል። ለእኔም በተለየ ገጽ «የማኅበረሰቡ አምባሳደር» የሚል የምስጋና ወረቀት ተያይዟል። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀች።

«መንገዱስ?»

«የምን መንገድ?»

«እኔ የምወጣበት።»

ደብዳቤውን ከላይ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። መንገድ የሚል ቃል የለም። እናቴ ፊቴን አየችና ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አስተማሪው ሰው አስፈርመው አቤቱታ ጻፉ። የመጣው መልስ ድምፃችሁን ሰምተናል፣ ማስረጃውም ተያይዟል ይላል። ማስረጃው የዚያ በአረንጓዴ ስቲከር የተሸፈነ ሰሌዳ ፎቶ ነው። ከፎቶው ዳር ላይ የሠርጉን ኮት የለበሰ አንድ ሰውዬ ጥርሱን እስከ መንጋጋው እያሳየ ይስቃል። አስተማሪው ወረቀቱን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና በደረጃው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ቀዘቀዘብኝ፤ አልፈርድባቸውም።

ሞተሩን ነቅለው ወሰዱት። ላይኛው ፉርጎ አበባ ተተከለበት። ታችኛው ፉርጎ ትራስ፣ መደርደሪያና የንባብ መብራት ገባለት። ምረቃው ላይ ንግግር ተደረገ፣ ሪባን ተቆረጠ። እናቴ በለመደችው ወንበር ልትቀመጥ ገባች። በሩን እንደ ድሮው በትከሻዋ ልትገፋው ስትል ገና በእጇ ስትነካው ተዘጋ። ስንት ዓመት በትከሻ የገፋነውን በር፣ መሄጃ ሲጠፋ ጠገኑልን።

እኔ መኪና አለኝ። በመኪና ዙሪያውን ወደ ላይ ለመውጣት አሥር ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እወስዳታለሁ ብዬ ፎከርኩ፣ አንድ ሁለት ጊዜም ወሰድኳት። ከዚያ ማክሰኞ ተጨማሪ ሺፍት መጣ፤ እሁድ እንደሆነ ቀድሞም የእኔ አልነበረም። እናቴ ደግሞ ጠዋት ቁልፍ ፍለጋ ስራወጥ እያየች፣ «ዛሬስ ደከም ብሎኛል፣ አንተ ሥራህን ሂድ» ማለት ጀመረች። እንዳልደከማት አውቃለሁ። ያቺ ልጅ እንዳታፍር ስቲከሯን የሰጠች ሴት፣ እኔ እንዳላፍር እሁዷን ትሰጠኝ ነበር። እኔም ተቀበልኳት፣ ልክ እንደ ልጅቷ። ልጅቷ እንኳ ቢያንስ አልቅሳለች።

እሁድ እሁድ ነጠላዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ ፉርጎው ውስጥ ትቀመጥ እንደነበር የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ቅዳሴውን በስልክ እያዳመጠች፣ ፊቷን በመስኮቱ ወደ ላይ አድርጋ፣ ፌርማታው ወዳለበት። ለምን እዚያ እንደምትቀመጥ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት መልሱ የሚያደርሰኝ ወደ መኪናዬ ቁልፍ እንደሆነ ይታወቀኝ ነበር።

በበልጉ አንድ ቀን መኪናዬ ጋራዥ ገብታ በባስ ስመለስ፣ ላይኛው ፌርማታ ስወርድ እናቴ ጠበቀችኝ። ፎቶዋ ነው፤ የፌርማታውን መስተዋት ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። ነጠላዋን ለብሳለች፣ ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ ነው፣ ወደ ላይ ታያለች። ከሥሯ በትልልቅ ፊደል «የትም መሄድ የማያስፈልግበት ቦታ» የሚል ተጽፏል። ለሳሎኑ የሠሩት ማስታወቂያ ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ባስ የሚጠብቁ ሰዎች ገለል አሉልኝ።

ደረጃውን ወርጄ ቤት ስገባ ነገርኳት።

«ማን ነው ያነሳኝ?» አለች።

«እንጃ።»

«ደህና ወጥቻለሁ?»

«ታምሪያለሽ።»

«እንግዲህ ሲመችህ አንድ ቀን ወስደህ ታሳየኛለህ» አለች፣ ቀጥላም ፈጠን ብላ፣ «ካልተመቸህም ግድ የለም።»

መኪናዋ እስክትሠራ፣ ሺፍቱ እስኪያልቅ፣ ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ እሁድ ከሥራ አስፈቅጄ ይዣት ወጣሁ። ነጠላዋን አሳምራ ለብሳ ነበር። ፌርማታው ጋ አቁሜ ደግፌ አወረድኳት። በፎቶዋ ቦታ የእርጎ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። እናቴ የእርጎውን ማሰሮ ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ክንዴን መታ መታ አደረገችው፣ ድሮ የፉርጎውን በር እንደምታደርገው።

«ግድ የለም» አለች። «አስቸገርኩህ።»