ጭስ የበላው ኦዞን

ኤሌኒ አዲስ አበባ ኬሚስትሪ ተምራ ጅቡቲ የገባችው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1998 ነው፤ ወደቡ በኢትዮጵያ ጭነት መጨናነቅ በጀመረበት ዓመት። ቆይቶ አየር የሚለካ አንድ ትንሽ ቢሮ ቀጠራት። ሥራዋ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ የተተከለው መሣሪያ የሚያነበውን የኦዞን መጠን መመዝገብ ነበር። ኦዞን በቀጥታ ከጭስ ማውጫ አይወጣም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ፔካ 12 ላይ የሚቆሙት የጭነት መኪኖች ጭስ ርቆ ሄዶ ፀሐይ ሲያበስለው ይወለዳል። ዓይን አያየውም፤ ሳንባ ግን ያውቀዋል።

የእህቷ የወለላ ሳንባ ያውቀው ነበር። እዚያው ጅቡቲ በሰው ቤት እያደረች የምትሠራ፣ አስም ያለባት ሴት ነበረች። በ2013፣ ኻምሲን የሚሉት አቧራማ የበጋ ንፋስ በሚነፍስበት ወቅት፣ ልብስ ልታሰጣ እንደወጣች ትንፋሽ አጥሯት አረፈች።

ከዚያ ወዲህ ኤሌኒ የዓመታቱን የኦዞን ልኬት የሚያሳየውን መስመር ስታይ ዓይኗ 2011 ላይ ያርፋል። መስመሩ ከዚያ ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል። እህቴን የወሰዳት ይህ ነው አለች። በ2016 አገሪቱ የኦዞን ገደብ ታውጣ ወይስ አታውጣ የሚል ስብሰባ ሲጠራም ይዛ ልትቀርብ የተዘጋጀችው ይህንኑ መስመር ነበር።

ስብሰባው ሳምንት ሲቀረው መሣሪያውን ልታይ ጣሪያ ወጣች። ድሬዳዋ ያደገው አለቃዋ ሙሐመድአሚን ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ ተከተላት። መብራት ጠፋ። መሣሪያው በባትሪ ቀጠለ፤ የሕንፃው ጀነሬተር ግን ከታች ተነሥቶ ጥቁር ጭሱን ሽቅብ ላከው። ኤሌኒ እያሳላት ቁጥሩን አየች። እየወረደ ነው።

«አየሩ ጸዳ፣ መዳም!» ብሎ ሳቀ ሙሐመድአሚን። «ለየቤቱ አንዳንድ ጀነሬተር እናድላ እንጂ!»

እሷ አልሳቀችም። ትኩስ ጭስ ኦዞንን እዚያው እንደሚበላ ከተማሪነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ልብ ያላለችው፣ መብራት የሚጠፋው ሙቀቱ በሚያይልበት፣ ኦዞንም በሚበረታበት ሰዓት መሆኑን ነው። ድሮ በየቀኑ ይጠፋ ነበር። በ2011 ኃይል ከኢትዮጵያ ሲመጣ ጀነሬተሩ ዝም ማለት ጀመረ። መስመሩን ያነሣው ይኸው ዝምታ ቢሆንስ?

«ጀነሬተሩ የሠራባቸውን ሰዓቶች ከልኬቱ ላወጣቸው ነው» አለች።

«ዋላሂ፣ አብደሻል? ኃላፊዎቹ ሽቅብ የሚሄድ መስመር ሲያዩ ነው እኮ የሚደነግጡት። ማን ይጠይቅሻል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለወለላ ስትይስ?»

«ለወለላ ብዬ ልዋሽ? እሷ እኮ የሰው ካልሲ እንኳ ያለ አቻው አታጥፍም ነበር።»

መብራት ጠፍቶ መሣሪያው ባትሪ ላይ የቆየባቸውን ሰዓቶች ሁሉ ከልኬቱ ቀነሰች። መስመሩ ተኛ። የተኛው ግን ከፍ ብሎ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የመቶ ማይክሮግራም ገደብ በላይ፣ ወለላ ጅቡቲን ሳትረግጥም ጀምሮ።

በስብሰባው ቀን ክፍተት የበዛበትን መስመር አሳየች። «አየሩ እየከፋ መጣ ማለት አልችልም» አለች። «መለካት ስንጀምርም ክፉ ነበር።»

«ድሮም ከነበረ ታዲያ ምን ያስቸኩላል?» አሉ አንድ ኃላፊ።

ሙሐመድአሚን «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አያት።

«ድሮም ሰው ይሞት ነበራ» አለች ኤሌኒ።

ገደቡ በዚያ ቀን አልወጣም፤ ለሌላ ስብሰባ ተቀጠረ። እሷ የሕንፃውን ባለቤት ለምና የጀነሬተሩን ጭስ ማውጫ ከመሣሪያው አርቃ ወደ መንገዱ አስዞረች። የ2017ን ልኬት ስትጀምርም ከአናቱ ላይ «ከቀድሞው ጋር አይቀጠልም» ብላ ጻፈች። ወለላን የወሰዳትን ዓመት ግን በመስመሩ ላይ መፈለጓን ተወች።