የማንጎው ጉቶ
በዚያ የኩዊንስላንድ ወበቅ ሽማግሌው ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ወንዝ ያለሰለሰው የእንጨት ጉቶ ታቅፈው ወደ ራሊን የጌጥ ዓሣ መሸጫ ገቡ።

«ዛሬም ተንሳፈፈ?» አለች ራሊን እየሳቀች። «ከርስዎ የተሻለ ዋናተኛ ነውኮ አባቴ!»

«ድንጋይ ጫንኩበት፤ ድንጋዩ ተንሸራቶ የቤታችንን የዓሣ ገንዳ መስታወት ለጥቂት ሳተው።»

«እየጫኑ አይሆንም። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ በማይዝግ ብሎን እናጠብቅበታለን፤ ድንጋዩን ቤትዎ ጠጠር ያለብሱታል።»

«አደራ ልጄ። ከጎርፉ ወዲህ ባለቤቴ የሚንሳፈፍ እንጨት ካየች እንቅልፍ የላትም።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀዎት? ይጣሉታ!»

«የጓሯችን ማንጎ ነው። ጎርፉ የወሰደውን እሷው ናት ወንዝ ዳር ያገኘችው።»

ራሊን መሰርሰሪያዋን አነሣች። አጥብቃ ስትጨርስ ጉቶውን ሱቋ ውስጥ ካለው ገንዳ ከተተችው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ጉቶው ንቅንቅ አላለም። ያኔ የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ።