ወላጅ ያስጠራኝ ጋላክሲ

ሰሞኑን ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ «እማዬ፣ እዪ እስቲ! ሁለት ጋላክሲዎች ሲዋሃዱ» አለችኝ። ፎቶውን ሳየው ሳቄ መጣ። ይኼ ነገር እኮ እኔን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣኝ ነበር!

በሰማንያዎቹ መጨረሻ መካኒሳ አቦ አካባቢ አሥራ አንደኛ ክፍል እማር ነበር። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ዓርብ፣ የፊዚክስ አስተማሪያችን ቲቸር ደረጀ ስለ ጋላክሲዎች አወራን። ሞላላዎቹ ገና ልጆች ናቸው፣ ሲያድጉ ጠመዝማዛ ክንድ ያወጣሉ አለን። እኔ ደግሞ መቼ አርፌ እቀመጣለሁ! ደብተሬን የለበድኩበት የመጽሔት ገጽ ላይ ሌላ አንብቤ ነበርና እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ የተገላቢጦሽ ነው። ተጠጋግተው በሚኖሩበት ሰፈር ባለ ክንዶቹ ይጋጩና ሞላላ ይሆናሉ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ቲቸር ፊቱ ቀላ። «ሰኞ ወላጅ ይዘሽ ነይ!» አለኝ።

ጉድ ፈላ! አባቴ ከላፍቶ ማዶ የሚያርስ፣ ወተት የሚሸጥ ቁጡ ሰው ነበር። መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ በማውራቴ ተጠርቶብኝ፣ «ሁለተኛ ከጠሩኝ ትምህርቱ ይቅርብሽ፤ ላም ታልቢያለሽ» ብሎ ምሏል። አባቴ ከማለ ማለ ነው። እሁድ ማታ እንደምንም ነገርኩት።

ሰኞ ጠዋት በዚያ የጥር አቧራ፣ አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ቲቸር ደረጀ ተማሪው ሁሉ ወደተቀመጠበት ክፍል አስገባን።

«ምን አጠፋች?» አለ አባቴ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ቶሎሳ። ዓርብ ተናድጄ ጠራሁዎ። ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ሳገላብጥ ዋልኩ፤ ልጅዎ ልክ ናት። የተሳሳትኩት እነዚህ ልጆች ፊት ነው፤ እነሱም እርስዎም ባሉበት ልናገር ብዬ ነው።»

እኔ እንባዬ መጣ።

«ምን ብላ ነው ልክ የሆነችው?» አለ አባቴ። ቲቸር ጠመኔ አነሳ። ሁለት የሚሽከረከሩ ጋላክሲዎች ሣለ። ሲገናኙ በከዋክብቱ መሃል ያለው ቦታ ሰፊ ስለሆነ ኮከብ ከኮከብ አይላተምም፤ ግን የዙረቱ ሥርዓት ይጠፋና ሁሉም በየፊናው ይሄዳል፤ የሚቀረው ሞላላ ነው አለ።

አባቴ አገጩን ይዞ አሰበ። «ኧረ ይኼማ ጥምቀት ላይ ያየነው ነው! የጎፋና የመካኒሳ ጎረምሶች በየክባቸው እየዞሩ ሲጨፍሩ ይገናኙና ክቡ ይፈርሳል። ማን የየት እንደሆነ አይታወቅም፣ አንድ ሕዝብ ይሆናል።»

«በቃ፣ እሱው ነው!» አለ ቲቸር፤ የአባቴን ምሳሌ ደብተራችን ላይ አስጻፈን።

ስንወጣ አባቴ፣ «ግቢ፣ ተማሪ። ላሞቹን እኔው አልባለሁ» አለኝ።

ዛሬ እኔም የሰው አለቃ ነኝ። ስሳሳት ሰውየውን ለብቻው ጠርቼ፣ በሩን ዘግቼ ነው ይቅርታ የምለው፤ እሱንም ካልኩ ነው። ቲቸር ደረጀ በተማሪዎቹና በአባቴ ፊት ያን ሲናገር ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።