ዳልቻ ላህን ስትሻገር

ልጅ እያለሁ ወንዝ ከዝናቡ ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለችው መንደራችን ሰማዩ ጠርቶ፣ የእርጥብ ሣርና የእበት ሽታ እያወደን፣ እኔና ታላቅ እህቴ የሺ ላህ ወንዝ ዳር ልብስ እናጥባለን። የስድስት ዓመቱ ወንድማችን ሞላ ውሃው መሃል ባለችው የጠጠር ደሴት ላይ ከጥጃው ጋር ይሯሯጣል። የጥጃው እናት ዳልቻ እኛ አጠገብ ትግጣለች።

መጀመሪያ የሰማነው ድምፅ የከባድ መኪና ይመስል ነበር። ቀና ስንል ግንድና ቅጠል የተሸከመ ድፍርስ ውሃ ደረሰ። ለካ ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሯል። እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ የነበረው ወንዝ ባንዴ ሰው የሚውጥ ሆነ፤ ደሴቲቱም እያየናት ጠበበች። ሞላ የጥጃውን አንገት አቅፎ "የሺ! የሺዬ!" ይላል።

ጩኸታችንን ሰምታ እናታችን እየሮጠች መጣች። ወሯ የገባ እርጉዝ ነበረች። አባታችን ቡሬ ገበያ ሄዷል፤ ጎረቤቱም ማሳ ላይ ነው። እናቴ ወደ ውሃው ልትወረወር ስትል መቀነቷ ላይ ተንጠለጠልኩ።

"እማን ያዣት! ብትሞቺ እንዳትለቂያት!" አለችኝ የሺ።

ዳልቻ እምቧ ብላ ወደ ጥጃዋ ገባች። የሺም ተከትላ ዘለለችና ጅራቷን ጨበጠች። ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። "ተመለሽ ልጄ! አንቺንም ልጣ?" እያለች እናቴ ፊቷን ትነጭ ጀመር። የየሺ ጭንቅላት ይሰወራል፣ ብቅ ይላል፣ ደግሞ ይሰወራል። ድንግል ማርያምን ከዚያ ቀን በላይ ለምኛት አላውቅም።

ደረሱ። ሞላ ግን ጥጃውን አልለቅም አለ። የሺ በጥፊ አጮለችውና አዝላው እንደገና የዳልቻን ጅራት ያዘች። ጥጃው እናቱ ጎን ተለጠፈ፤ ዳልቻም በላይ በኩል ሆና ግንዱንም ጎርፉንም በገላዋ እየመከተች ሁሉንም አመጣቻቸው። እኔና እናቴ የሺን ከነሞላ ጎትተን አወጣን። ጥጃውም ተፍጨርጭሮ ወጣ። ዳልቻ የፊት እግሮቿን ዳርቻው ላይ ስታሳርፍ ግን አፈሩ ተናደባት። ቀንዷን ያዝኩት፤ አመለጠኝ። አንዴ ጮኸች። ከዚያ በኋላ አልሰማናትም።

እናቴ ሦስታችንንም ጭቃው ላይ አቅፋ፣ "ልጆቼን መለሰችልኝ፤ የሷን ልጅ ማን ያሳድግላት!" እያለች እንደ ሰው አለቀሰችላት። ጥጃውን ሞላ ከጎረቤት ወተት እየለመነ፣ ጣቱን እያስጠባ አሳደገው።

ዛሬ እዚያ ቦታ ድልድይ አለ። ባጃጆች ሽው ይሉበታል፤ ልጆች ስልካቸውን እያዩ ይሻገሩታል፤ ውሃውን ቁልቁል የሚያየው የለም። እኔ መራዊ፣ የሺ ፍኖተ ሰላም፣ ሞላ ቡሬ ነው የምንኖረው። ሞላ ጢሙን ያሳደገ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ሰማዩ በከበደ ቁጥር ታዲያ የሺ ትደውላለች። እሱ ስለሚስቅባት የምትደውለው ለእኔ ነው። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ "ሞላ ቤቱ ገብቷል?" ትለኛለች።