የቡ መርዙቅ ዲዋኒያ በር

ሉልዋ ገና ያልተሠራ ሕንፃ ውስጥ ነሐሴን የምታስገባ ሴት ናት። አትሳቁብኝ፤ እውነቴን ነው! ኩዌት ውስጥ አንድ የምህንድስና ቢሮ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል። መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት ኮምፒውተሯ ላይ ታቆማለች፣ እንደ እሳት የሚፋጀውን የኩዌት ነሐሴ ፀሐይ ታወጣበታለች፣ ሰው ትሞላበታለች፤ ከዚያ ማቀዝቀዣው ይችለው እንደሆነ ታያለች።

ከሦስት ዓመት በፊት ግንቦት ላይ የደረሳት ሥራ ግን የገዛ አጎቷ የቡ መርዙቅ ዲዋኒያ ነበር፤ ወንዶቹ ሲመሽ ሻይ ይዘው የሚጫወቱበት የእንግዳ አዳራሽ። ስሌቱ ላይ በሩን ክፍት አደረገችው። ማን ይዘጋዋል? የተዘጋ ዲዋኒያ ማለት ባለቤቱ ሞቷል ወይም ሰው ጠልቷል ማለት ነው። ውጤቱ ሲወጣ፣ በክፍቱ በር ሙቀት ስለሚገባ፣ ማቀዝቀዣው ለቦታው ከተፈቀደው ኤሌክትሪክ በላይ የሚበላ ሆነ። የግንባታ ፈቃድ የለም ማለት ነው።

አጎትየው በጠዋት መጡ።

«እዚያ ኮምፒውተርሽ ውስጥ በሩን ዝጊውና እንገላገል!»

«እዚህ ብዘጋው እዚያ ይዘጋል እንዴ፣ አጎቴ?»

«ምን ቸገረሽ? ኮምፒውተር እንግዳ አይመጣበት!»

«ነሐሴ ላይ እንግዳዎ ሲቀቀል ግን ስሌቱ ላይ ያለው የእኔ ስም ነው።»

«የወንድሜ ልጅ ሆነሽ ዲዋኒያ ልታሳጪኝ?»

አለቃችን ከክፍሉ አንገቱን አውጥቶ «ሉልዋ፣ እስከ ቀትር ፈርመሽ አምጪ» አለ። ክፍላችን አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ላይ አጎቷ ቆመዋል። ዘግታ ብትፈርም ስሟ ይበላሻል፣ ባትፈርም ዘመዷ ይቀየማል። ኮምፒውተሩ ላይ የዲዋኒያውን በር ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው። ስክሪኑ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ላብ ፊቷ ላይ ይወርዳል፤ እኛ ቢሮ ደግሞ ብርድ ነው!

በመጨረሻ ዘግታ አተመችው። ደነገጥኩ። ከስሌቱ ሥር ባለቤቱ ሕንፃውን እንዴት እንደሚጠቀምበት ቃሉን የሚሰጥበት መስመር አለ፤ ሰው ሁሉ ባዶውን የሚያልፈው። እሷ በእጇ ጻፈችበት፦ «የቡ መርዙቅ ዲዋኒያ በር ሁልጊዜ ዝግ ነው።»

«ቀድመው እርስዎ ይፈርሙ» አለቻቸው።

አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ጆሯቸው ቀላ።

«ይኼን... ሰው ያየዋል?»

«መዝገብ ቤት ነው የሚቀመጠው፣ አጎቴ።»

እስክሪብቶውን እንደ ፍም ጣሉት። «አዳራሹን አሳንሺው፤ በሩን እንዳትነኪ» አሉ።

በሩን ከፈተችና ግድግዳውን አራት ሜትር ወደ ውስጥ ገፋችው። አረንጓዴ!

ዲዋኒያው ተሠራ፤ በሩም ክፍት ነው። ለዒድ ቤታቸው በሄደች ቁጥር ግን ቡ መርዙቅ ዘመድ አዝማዱ ፊት «ግድግዳዬን የበላችው መጣች!» ይሏታል። እሷም ጎንበስ ብላ ግንባራቸውን ትስማለች፤ ሌላ ምን ታደርግ?